መረብ የሌለው ቀለበት

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደባርቅና የዳባት የወጣት ኅብረቶቻችን ደባርቅ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ቅርጫት ኳስ ገጠሙ። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ዳኝነት ተምሬ አይደለም፤ ፊሽካ የነበረኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። የሜዳው ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል፤ ቀለበቱ ዝጓል፤ መረቡ ካለቀ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። መረብ በሌለው ቀለበት የተጫወተ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ኳሱ በቀለበቱ ውስጥ ይለፍ ወይም ጠርዙን ታክኮ ከፊት ለፊት ይውረድ፣ ከሩቅ ለቆመ ሰው አይለይም። የሚወዛወዝ ነገር የለም። ያለው ምስክር የዳኛው ዐይን ብቻ ነው።

ጨዋታው እኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል አንድ የደባርቅ ልጅ ከጥግ ወረወረ። ኳሱ አለፈ። «ገብቷል!» ብዬ ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ደባርቅ አሸነፈ። በዕለቱ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ ዛሬም ገብቷል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ለካ ልጆቹ በየጎናቸው ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጥተው ተወራርደው ኖሯል። ከደባርቅ በኩል ገንዘቡን የያዘው ደግሞ የእህቴ ልጅ ነበር። ወሬው እንደተሰማ ከዳባት ልጆች አንዱ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው፣ ዐይኔን እያየ «ዳኛው በልቷል» አለ። የተወራረደው በመመለሻ የትራንስፖርት ገንዘቡ ነበር። አዘንኩለትና «ና፣ ልሸኝህ፤ እኔ እከፍልልሃለሁ» ብዬ ገንዘብ ስሰጠው፣ ብሩን አየት አደረገና «ይሄ ድርሻዬ ነው?» አለኝ።

አልበላሁም። ግን በምን ላስረዳው? መረብ የለም፤ የእህቴ ልጅ ገንዘብ ይዟል፤ እጄ ላይ ብር አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ዳኛና ስለ ውርርድ የሚያወራ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አነብባለሁ። ያነበብኩትን ለእናንተ ለማካፈል ነው ይህን የምጽፈው፤ ነገሩ የእኛ ሜዳ ብቻ ሳይሆን ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

አንድ ስም ለሁለት ዳኞች

አማርኛችን ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጠውንም ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዞ የሚሮጠውንም «ዳኛ» ብሎ ይጠራል። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ በሁለት ተከራካሪዎች መካከል ቆሞ ያየውን መናገር። የሁለቱም ፈተና አንድ ነው።

በአገራችን የሙግት ታሪክ ውስጥ ውርርድና ዳኝነት ጎን ለጎን የኖሩበት ዘመን ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ባለጉዳዮች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በዳኛ ፊት ሲሟገቱ፣ በነገራቸው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ለማሳየት ይወራረዱ ነበር። አንዱ ማር፣ ሌላው በቅሎ ወይም ፈረስ ያስይዛል። ዛሬ ለማንኛውም ጭቅጭቅ የምንጠቀምበት «እሰጥ አገባ» የሚለው አባባል የዚያ ሙግት ቅሪት ነው። የተረታው የተወራረደበትን ለዳኛው የሚያገባበት ልማድም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ሥርዓት ማንም ቢረታ ዳኛው ያገኛል። ስለዚህ ከሁለቱ ለአንዱ እንዲያደላ ውርርዱ ራሱ አይገፋውም። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ በተወራረዱ ቁጥር የዳኛው ጥቅም ይበዛል። ታዲያ ሕዝቡ ዳኛው ፍርድ እየሰጠ ነው ወይስ ማር እየሰበሰበ ነው ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በሕዝባችን አፍ የቆየው፣ ሹመትና ጥቅም ተነጣጥለው የታዩበት ጊዜ ጥቂት ስለነበረ ነው። ተረቱ መብላትን የሚያሞግስ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሐዘን አለበት። ሕዝብ ዳኛውን ማመን ሲያቆም የሚናገረው እንዲህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ታሪክ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሳየናል። ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን በቤርሳቤህ ዳኞች አድርጎ ሾማቸው። እነርሱ ግን ጥቅም አሳደዱ፤ ጉቦ ተቀበሉ፤ ፍርድ አጣመሙ (1ኛ ሳሙ. 8፥1-3)። ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ልጆች ተሽረው ሌሎች ዳኞች ይሾሙልን ብለው ብቻ አልተመለሱም። እንደ ሌሎች ሕዝቦች ንጉሥ ይንገሥልን አሉ። ሁለት ሰዎች ባጠፉት ጥፋት ሕዝቡ በዳኝነት ሥርዓቱ በሙሉ ላይ ተስፋ ቆረጠ። በምዕራፍ 12 ደግሞ ሳሙኤል ራሱ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደወሰደ፣ ከማንስ እጅ ጉቦ እንደተቀበለ ይመስክሩበት ዘንድ ይጠይቃል። ዕድሜውን ሁሉ በእውነት የፈረደ ሰው በእርጅናው ንጽሕናውን ለማስመስከር ተገደደ። የበላ ዳኛ የሚጎዳው የተፈረደበትን ብቻ አይደለም፤ ያልበላውንም ነው።

ከወጣቶች ማኅበር የተወለደ ጨዋታ

ቅርጫት ኳስ የት እንደተወለደ ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1891 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ስፕሪንግፊልድ በተባለ ከተማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) ባቋቋመው ማሠልጠኛ ነው። ጄምስ ናይስሚት የተባለ ካናዳ የተወለደ የነገረ መለኮት ተማሪ የነበረ መምህር፣ ክረምቱን በአዳራሽ ተዘግተው ለተሰላቹ 18 ወጣቶች አዲስ ጨዋታ እንዲፈጥር ታዘዘ። ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ፣ ከወለሉ 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አስመታ። 13 ደንቦችን ጻፈ። ልጆቹንም ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፈላቸው።

በእነዚያ 13 ደንቦች ውስጥ የዳኞች ሥራ በግልጽ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ሰዎቹን ይመለከታል፤ ጥፋት ይመዘግባል። ሌላው ኳሱን ይመለከታል፤ ገባ አልገባ የሚለውን ይወስናል፤ ሰዓቱን ይይዛል። ናይስሚት ጨዋታውን የፈጠረው ወጣቶች ሳይጋጩ እንዲወዳደሩ ስለነበር፣ ያለ ዳኛ ጨዋታው እንደማይቆም ከመጀመሪያው ገብቶታል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅርጫቶች ሥራቸው ድፍን ነበር። ኳሱ ሲገባ እዚያው ይቀራል፤ ሰው ወጥቶ ያወርደዋል። በዚያ ጨዋታ «ገብቷል፣ አልገባም» ብሎ የሚከራከር አይኖርም፤ ቅርጫቱ ራሱ ይመሰክራል። በኋላ ጨዋታው እንዲፈጥን ሥሩ ተከፈተ፣ መረብ መጣ። እኛ ደግሞ መረቡም ሳይኖር ተጫወትን።

አንድ ሺህ ዶላርና አንድ ድኻ ተማሪ

ጨዋታው በአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ አድጎ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መሳብ ሲጀምር፣ አወራራጆችም ከተመልካቹ ጋር አብረው ገቡ። ውርርዱ ማን ያሸንፋል በሚል ብቻ ቢሆን፣ ጠንካራ ቡድን ከደካማ ሲገጥም ሁሉም ለጠንካራው ስለሚያስይዝ ንግዱ አይሄድም። ስለዚህ አወራራጆች ሌላ ዘዴ አመጡ። «ጠንካራው ቡድን በዐሥር ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ያሸንፋል? ወይስ በዚያ ልክ አይበልጥም?» ማለት ጀመሩ።

ይህ ዘዴ ለኅሊና አደገኛ ወጥመድ ሆነ። አንድን ተጫዋች «ቡድንህን አስሸንፍ» ብትለው ይቆጣል። «አሸንፉ፣ ግን በዐሥር ሳይሆን በአራት ይሁን፤ ማን ይጎዳል?» ብትለው ግን ያስባል። ብዙዎች አሰቡ፤ ተቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ1951 ጉዳዩ ሲጋለጥ በሰባት ኮሌጆች የሚጫወቱ 32 ተጫዋቾች ከ1947 እስከ 1950 ድረስ በተደረጉ 86 ጨዋታዎች ውስጥ እጃቸው እንዳለበት ተነገረ። ከእነርሱ መካከል የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ተጫዋቾች ነበሩ። ያ ኮሌጅ የድኻ ስደተኞች ልጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበት፣ በ1950 ሁለቱንም ታላላቅ የአገሪቱን የኮሌጅ ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ያነሣ፣ ከተማው በሙሉ የኮራበት ነበር። በፖሊስ ሲያዙ ያለቀሰው ሕዝብ ለዋንጫው አልነበረም። የጮኸለት ጨዋታ እውነት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ማወቅ ስላቃተው ነበር።

ይህ ሁሉ እንዴት ተጋለጠ? በአንድ ተማሪ ነው። ጁኒየስ ኬሎግ ከቨርጂንያ ድኻ ቤተሰብ የመጣ፣ በማንሃተን ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነበር። በጥር 1951 አንድ የቀድሞ የቡድኑ ተጫዋች ወደ ክፍሉ መጥቶ፣ ከዲፖል ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚደረገው ጨዋታ የነጥቡን ልዩነት እንዲያጠብብ 1,000 ዶላር አቀረበለት። በዚያ ዘመን ለእንደ እርሱ ያለ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነበር። ደግሞም ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። እምቢ ብሎ ዝም ማለትም ይችል ነበር፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንን ነው። እርሱ ግን ለአሠልጣኙ ነገረ፤ ነገሩ ለዐቃቤ ሕግ ደረሰ፤ አባባዮቹም ተያዙ።

ኬሎግ ከሦስት ዓመት በኋላ በመኪና አደጋ አካሉ ሽባ ሆነ። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆነ፤ በኋላም በኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር በኃላፊነት አገለገለ። ጽድቅ ሁልጊዜ በዚህ ዓለም በገንዘብ ይመለሳል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም፤ ለኬሎግ አልተመለሰለትም። ነገር ግን በዚያ ወራት ጨዋታ ይታመን ዘንድ የሚገባው አንድ ሰው ተገኘ።

ዳኛው ራሱ ሲወራረድ

ከዚያ በኋላ ሊጎቹ ተጫዋቾችን መጠበቅ ተማሩ። ወጥመዱ ግን ወደ ፊሽካው ዞረ።

ቲም ዶናጊ በአሜሪካው የኤንቢኤ ሊግ ለ13 የውድድር ዘመናት ያጫወተ ዳኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2007 ጋዜጦች መርማሪዎች እየተከታተሉት መሆኑን ጻፉ። በነሐሴ ወር ፍርድ ቤት ቀርቦ ሁለት የወንጀል ክሶችን አመነ። ራሱ በሚያጫውታቸው ጨዋታዎች ላይ ጭምር ይወራረድ እንደነበር፣ በኋላም ማን እንደሚያሸንፍ የሚገምተውን ለውርርድ ሰዎች በምስጢር ያቀብል እንደነበር ታወቀ። ግምቱ ሲሰምር መጀመሪያ 2,000፣ በኋላ 5,000 ዶላር ይከፈለው ነበር። አብረውት የሠሩት ሁለት ሰዎች የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነበሩ። በሐምሌ 2008 የ15 ወር እስራት ተፈረደበት።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገር አስተውያለሁ።

የመጀመሪያው፣ ዶናጊ ሆን ብዬ ፊሽካዬን አላጣመምኩም ማለቱ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ዳኛ የትኛውን ተጫዋች እንደማይወድ ስለማውቅ ብቻ ነው ግምቴ የሰመረው አለ። ሊጉ ያስጠናው ምርመራም ሆን ብሎ ፍርድ አጣመመ የሚል ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። በኋላ ጨዋታዎቹን መልሰው የመረመሩ ጋዜጠኞች ግን አልተዋጠላቸውም። እኔ የምለው፣ አላጣመምኩም ያለው እውነት ቢሆን እንኳ ምን ይለወጣል? ኪሱ በአንድ ወገን ያለ ሰው ዐይኑ በየት በኩል እንደሚያይ እርሱ ራሱ ያውቃል? ዘጸአት 23፥8 መማለጃ የሚያሳውረው ዐይናማውን እንደሆነ ይነግረናል። ዕውሩን አይደለም፤ የሚያየውን ነው። ጉቦ የተቀበለ ዳኛ ብዙ ጊዜ እየዋሸሁ ነው ብሎ አያስብም። የተከፈለበትን ነገር በእውነት ያየ ይመስለዋል።

ሁለተኛው፣ ጥርጣሬ ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ዶናጊ ከተያዘ በኋላ በጠበቃው በኩል ሌሎች ዳኞችንም ከሰሰ። ከከሰሳቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ2002 በሎስ አንጀለስ ሌከርስና በሳክራሜንቶ ኪንግስ መካከል የተደረገው ስድስተኛ ግጥሚያ ይገኝበታል። በዚያ ጨዋታ በመጨረሻው ሩብ ብቻ ለሌከርስ 27 ነፃ ውርወራ ተሰጥቶ 106 ለ 102 አሸንፈዋል። ሊጉ ክሱን ካደ፤ ምርመራውም ክሱን የሚደግፍ ነገር አላገኘም። ይሁን እንጂ የሳክራሜንቶ ደጋፊን ዛሬ ብትጠይቁት አያምንም። ስድስት ዓመት ያለፈው ጨዋታ፣ ዶናጊ ያላጫወተው ጨዋታ፣ እንደገና ተበከለ። አንድ ዳኛ ሲበላ ትላንትም ይበላሻል።

ሦስተኛው፣ ጥፋተኛው አንድ መሆኑ ነው። በጥቅምት 2008 የወጣው የምርመራ ውጤት በጨዋታዎች ላይ የተወራረደ ሌላ ዳኛ አላገኘም። በየምሽቱ የሚሮጡት ሌሎቹ ዳኞች በሙሉ ግን ከተመልካች «ዶናጊ!» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። የሳሙኤል ታሪክ ተደገመ ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ፣ ወደ አህጉራችን እንምጣ። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጋጠሙ። ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴይ የሴኔጋሉ ተከላካይ ኩሊባሊ ኳስ በእጁ ነካ ብሎ ለደቡብ አፍሪካ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ኳሱ የነካው ግን ጉልበቱን ነበር። በውርርድ ገበያው ላይ የታየው ያልተለመደ እንቅስቃሴ ተመርምሮ ፊፋ ዳኛውን ለዕድሜ ልክ አገደው። ጨዋታው ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ተደረገ፤ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ሩስያ አለፈች። በ2018 ደግሞ ጋናዊው ጋዜጠኛ አናስ አረሜያው አናስ ዳኞች ገንዘብ ሲቀበሉ በድብቅ ቀርጾ ለሕዝብ አሳየ። በዚያ ቀረጻ ምክንያት ወደ ዓለም ዋንጫው ሊሄድ የነበረ አንድ ኬንያዊ ረዳት ዳኛ ጉዞው ቀረ።

በአገራችንስ? በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና በመከላከያ መካከል በተደረገ የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ፣ በጎል ውሳኔ የተነሣ ዋና ዳኛው በሜዳ ላይ ተደበደበ። ፌዴሬሽኑም ሊጉን ላልተወሰነ ጊዜ አቋረጠ። ልብ በሉ፤ ያ ዳኛ ጉቦ ተቀብሎ አይደለም። ግን በዳኛ ማመን ባለቀበት ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ውሳኔ እንደ ሌብነት ይታያል፤ ሌባ ደግሞ ይደበደባል። የጠፋ አመኔታ መጨረሻው ይህ ነው።

በዚህ ላይ ውርርዱ ተጨመረ። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ለስፖርት አወራራጅ ድርጅቶች ፈቃድ መስጠት ከጀመረ ወዲህ የውርርድ ቤቶች በየከተማው እንደ አሸን ፈሉ። ችግሩ እየከፋ ሲሄድ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በርካቶቹን ዘጋ። ይሁን እንጂ ቤት ቢዘጋ ስልክ አይዘጋም። ዛሬ አንድ የደባርቅ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስለማያውቀው ቡድን፣ ስለማያውቀው አገር ይወራረዳል። የሚወራረደውም በአሸናፊው ላይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ተጫዋች ስንት ነጥብ ያገባል በሚለውም ላይ ነው።

ይህ የመጨረሻው ዓይነት ምን እንደሚያመጣ በ2024 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የቶሮንቶ ራፕተርስ ተጫዋች ጆንታይ ፖርተር አሞኛል ብሎ ከጨዋታ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወጣ። ቀደም ሲል ስለ ጤንነቱ ለአንድ ተወራራጅ ነግሮ ነበር። ነጥቡ ያንሳል በሚል 80,000 ዶላር ያስያዘ ሰው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ሊያገኝ ሲል ነገሩ ተጠርጥሮ ክፍያው ታገደ። በሚያዝያ ወር ኤንቢኤ ፖርተርን ለዕድሜ ልክ አባረረው። እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንድ ተጫዋች «እግሬን አመመኝ» ብሎ ሲወጣ ተመልካቹ ያዝንለታል ወይስ ስልኩን ከፍቶ ኦዱን ያያል?

አያቶቻችን ገና ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ፣ ሀብታምና ድኻ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ጨዋታ የሚያምረው ለዚያች ሰዓት ከሜዳው ውጭ ያለው ጥቅም ሁሉ ከሜዳው ውጭ ስለሚቀር ነው። ውርርድ የሚያደርገው ያንን አጥር ማፍረስ ነው። የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ የመመለሻ ትራንስፖርቱን ይዞ ሜዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንም በእርጋታ መሸነፍ አይችልም።

ደግሞ ደግ ምሳሌም አለን። ልድያ ታፈሰ በልጅነቷ ጅማ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። ከዚያ ፊሽካ አነሣች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 በሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ላይ በዳኝነት ቆመች። ባምላክ ተሰማም ለ2018 የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ጥቂት አፍሪካውያን ዳኞች አንዱ ሆነ። ስማቸው በዓለም ፊት እንዲጠራ ያደረገው ፍጥነታቸው ብቻ አይደለም፤ የሌላ አገር ሰው ያለ ሥጋት ጨዋታውን በእጃቸው ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ሁለቱን ስናደንቅ እያንዳንዱ የበላ ዳኛ ከእነርሱ ላይም እንደሚሰርቅ እናስታውስ።

ቡይት ራስ ላይ

ከጨዋታው ከጥቂት ወራት በኋላ የሁለቱ ከተሞች ኅብረቶች ለጸሎትና ለሽርሽር ቡይት ራስ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጭላዳዎቹ በሣሩ ላይ ተበትነው ይነጫሉ፤ ከገደሉ በታች ያለው አገር በጉም ተሸፍኗል። ቃሉን ከተካፈልን በኋላ ያንን የሜዳ ነገር አነሣሁት። ፊሽካዬን ከኪሴ አውጥቼ መሐል አስቀመጥኩና፣ ልክ እንደ ሳሙኤል ባይሆንም፣ «የበላሁትን የሚያውቅ ይናገር» አልኳቸው። ዝም አሉ። የእህቴ ልጅ ተነሥቶ ውርርዱን ያስጀመረው እርሱ እንደሆነ፣ እኔም እንደማላውቅ በሁሉ ፊት ተናገረ፤ ይቅርታም ጠየቀ።

እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ። ስላልሠራሁት ጥፋት ሳይሆን፣ የእህቴ ልጅ በሚጫወትበት ጨዋታ ላይ ፊሽካ በመያዜ። ገና ሳልጀምር «እኔ አልሆንም፤ ሌላ ሰው ይዳኝ» ማለት ነበረብኝ። ንጹሕ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ለመጠርጠር በር አለመክፈት ሌላ ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ያልያዘው ለዚህ ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥20-21)። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ማሰብ ይጠበቅብናል።

በዚያው ዕለት ሦስት ነገር ተስማማን። በኅብረታችን ጨዋታ ላይ፣ በሻይም ቢሆን፣ ውርርድ አይኖርም። ዘመዱ የሚጫወትበት ሰው አይዳኝም። ለቀለበቱም መረብ እንገዛለን። ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጣን፤ ያው የተወራረዱበት መጠን ነው። መረቡ አሁን ተሰቅሏል። ኳስ ሲገባ ሽው ብሎ ይወዛወዛል፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ ያየዋል።

ያ የዳባት ልጅም መጥቷል። ለመረቡ ከሁሉም በፊት ያዋጣው እርሱ ነው። ሲመለስ ግን ጠጋ ብዬ «ያቺን ኳስ አሁን ገብታለች ብለህ ታምናለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ፤ ኳሷን ግን እንጃ» አለኝ።

አልተቆጣሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያቺ ኳስ ግን መቼም አትጠራም። ከመወራረዳችን በፊት ብትወረወር ኖሮ፣ ገባችም አልገባችም፣ እስከ ማታ ስቀን እንረሳት ነበር።